የሚረጭ ሰም ለባህር ዳር መኪና ይሠራል ወይ? ግማሽ ኮፈን ቀብቼ አየሁት

ቅድሚያ ልናገርና ልገላገል፤ ይሠራል። ግን ሱቅ ውስጥ የተነገረኝን አይሠራም። ጭረት አያጠፋም፣ የደበዘዘ ቀለም አያድስም፣ ስድስት ወርም አይቆይም። የሚሠራው ሌላ ነገር ነው። እሱን ለማወቅ ደግሞ መጀመሪያ የገዛ ኮፈኔን ማዝረክረክ ነበረብኝ።

መኪናዬ ጥቁር ያሪስ ናት። ጥቁር በመግዛቴ እህቴ እስካሁን ትስቅብኛለች። «ባህር ዳር ላይ ጥቁር?» ትላለች፣ በሚያዝያ ጋቢ ደርቤ የወጣሁ ይመስል። እውነቷን ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ኮፈኑን በእጅ መንካት አይቻልም። ከተማችን ሞቃት ስለሆነች ቆላ ትመስለናለች እንጂ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ አካባቢ ይጨምራል። ሰው ጃንጥላ ይዘረጋል፣ ዘንባባ ስር ይጠጋል። መኪና የት ትሄዳለች?

እኔ ጥላ ፍለጋ ሐይቁ ዳር ካለ ዋርካ ስር ነው የማቆማት። እዚያ ደግሞ ወፎቹ አሉ። የጣና ወፍ ጀልባ ላይ ሆነው ሲያዩት ደስ ይላል፤ ከስሩ መኪና አቁመው ሲያዩት ግን ወሬው ይቀየራል። በተለይ አባ ኮዳ ከላይ ካረፈ አለቀልህ፣ የሱ ኩስ በጭልፋ የተደፋ ነው የሚመስለው። አንዴ ኩሱን ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ትቼው ነበር። ሰኞ ሳጥበው ቆሻሻው ለቀቀ፣ ግን ቦታው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ሻካራ ክብ ቀረች። ብታጥባት አትለቅ፣ ብታሻት አትለቅ። የወፍ ኩስ ውስጥ ዩሪክ አሲድ አለ፣ ፀሐዩ ደግሞ እዚያው ያበስለዋል። የሚበላው ከቀለሙ በላይ ያለውን ግልጽ ሽፋን ነው፣ ቀለም ቀቢዎች «ክሊር» የሚሉትን። ያ ሽፋን ብዙ ጊዜ ከአንድ የራስ ፀጉር ይሳሳል። ይህን ስሰማ ነው ሰም ፍለጋ የወጣሁት።

ሱቁን ስም አልጠራም፣ ልጁም ክፉ አልነበረም። «ለውጭ ቀለም የሚረጭ ሰም አለህ?» አልኩት።

«ፖሊሽ ነው የምትፈልገው፣ አለ» ብሎ አንድ ጣሳ አቀበለኝ።

ገልብጬ ሳየው የክሩስኮት ነው፣ መኪናው ውስጥ ከመሪው ፊት ላለው ፕላስቲክ ማለት ነው። እንጆሪ እንጆሪ ይላል።

«ይሄ እኮ የውስጥ ነው።»

«ያው ነው ወንድሜ፣ ውስጥም ውጭም ይሆናል። ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚወስደው።»

ያው አይደለም። የክሩስኮቱ ስፕሬይ ፕላስቲክ እንዲያብለጨልጭ የተሠራ ነው። ውጭ ብትነፋው ለአንድ ቀን ይስቅልሃል፣ በማግስቱ አቧራውን ለቅሞ ይጠብቅሃል። እግረ መንገዴን ልናገር፣ እሱንም ቢሆን መሪና ፔዳል ላይ የሚነፋ ሰው አለ። ተው። መሪው እጅ ላይ ይንሸራተታል፣ እግርም ከፍሬን ላይ ሊያዳልጥ ይችላል።

ሌላው ግራ የሚያጋባው ነገር «ፖሊሽ» የሚለው ቃል ነው። እኛ ጋ የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ፖሊሽ ነው፣ የጫማውም፣ የወለሉም፣ የመኪናውም። የመኪናው ፖሊሽ ግን ይፍቃል። በጣም የላመ አሸዋ ነገር አለበት፣ ከላይኛው ሽፋን ትንሽ ልጦ ጭረቱን ያስተካክላል። ሰም ምንም አይልጥም፣ ከላይ ይለብሳል። ሁለቱ ተቃራኒ ሥራ ነው የሚሠሩት። ልጁ መደርደሪያው ጥግ አቧራ የለበሰ ባለ 473 ሚሊ ጠርሙስ አግኝቶ፣ በ1,600 ብር፣ «ጭረቱንም ያጠፋልሃል፣ ስድስት ወር አትነካውም» ብሎ ሸጠልኝ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ግን በየጥቂት ሳምንቱ ድገም ነው የሚለው። ጠርሙሱ ከልጁ ይልቅ ሐቀኛ ነበር።

ይዤው ቤት ስገባ አከራዬ እማማ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ጧፍ እየሠሩ ነበር። ምን እንደያዝኩ ጠየቁኝ።

«ሰም ነው እማማ። ለመኪና።»

ጠርሙሱን ተቀብለው አነቃነቁት። «ይሄ ውሃ እኮ ነው ልጄ። ስንት አሉህ?»

ዋጋውን ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ሰም ከሆነማ ምነው ለእኔ ብትነግረኝ! ንጹሕ የማር ሰም አይደለም እንዴ ያለኝ?»

ሳቅን። ግን ጥያቄያቸው የዋዛ አልነበረም። የማር ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ጥቁር ኮፈን ደግሞ እንዲህ ባለ ፀሐይ እዚያ ሙቀት አጠገብ ሊደርስ ይችላል። ለስላሳ ስለሆነም አቧራ ይይዛል፣ ጧፍ በእጁ የያዘ ሰው ጣቱን አይቶ ያውቀዋል። ለመኪና የሚመረጠው የተፈጥሮ ሰም ካርናውባ ነው። ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ላይ የሚራገፍ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ሰም ነው፣ ከ80 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም። ዛፉ ቅጠሉን ከፀሐይና ከድርቀት የሚከላከልበት ነው። ሰው ከዛፉ ሰርቆ ለመኪና አደረገው ማለት ነው። የእኛ መንገድ ዳር ዘንባባ ለሙሽራ ፎቶ ነው፣ ብትፍቀው ምንም አታገኝም። የሚረጨው ደግሞ ይኸው ሰም በውሃና በሌላ ነገር ቀጥኖ ስለሆነ እማማ «ውሃ ነው» ማለታቸው ግማሽ እውነት አለው። የሚቆይበት ጊዜ ከጠጣሩ ሰም የሚያንሰውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ፣ ግቢው መሃል፣ ፀሐይ አናቷ ላይ እያለ ጀመርኩ። መኪናዋን አላጠብኳትም፣ በአንድ ባልዲ ውሃ አለቅልቄያት ብቻ ነበር። ጨርቁ ያረጀ ካናቴራዬ ነው። ኮፈኑን በሙሉ አዳርሼ ረጨሁ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስም እያገዘኝ የፊት መስታወቱንም ቀባሁት። ካናቴራውን አንስቼ እስክዞር ፈሳሹ ኮፈኑ ላይ ደርቆ ጠበቀኝ። ሳሸው ነጭ በጥቁር የሜዳ አህያ ሆነች። አጠገቧ ሄጄ በደንብ ሳያት ደግሞ ከነጩ ስር ቀጫጭን ክብ ክብ ጭረቶች አሉ። ያልታጠበውን አቧራ ነው በካናቴራው የፈተግሁት። ጭረት ያጠፋል ያሉኝን ሰም ገዝቼ ጭረት ሠራሁበት።

ማታ ከአባይ ማዶ ስመለስ ዝናብ ጣለ። መጥረጊያውን ስከፍተው መስታወቱ ላይ ያለው ሰም ተዘረጋና ከፊቴ ያለው ሁሉ የባጃጅ መብራት ጭጋግ ሆነ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ነው ይላሉ፤ እኔ እያንዳንዷን ሜትር በዳዴ ቆጥሬያታለሁ። ስለዚህ መስታወት ላይ አትርጩ። የፍሬን ዲስክ ላይማ በፍጹም። ቀለም ያልተቀባው ጥቁር ፕላስቲክ፣ ፓራውልቱ ስር ያለው ዓይነት፣ ላይም ሰሙ ደርቆ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ እስካሁን በግራ በኩል ማስታወሻ አለኝ።

ሁለተኛውን ሙከራ በሳምንቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አደረግሁት። ኮፈኑ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል፣ ነፋስ የለም፣ ከሐይቁ በኩል የሚሰማው የወፍ ድምፅ ብቻ ነው (እነሱው ናቸው)። ሁለት ባልዲ ያዝኩ፣ አንዱ የመኪና ሻምፖ ያለበት፣ አንዱ ስፖንጁን የምለቀልቅበት ንጹሕ ውሃ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አልነካሁም፣ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። ከላይ ወደ ታች አጠብኩ፣ ጣሪያ፣ መስታወት፣ ኮፈን፣ በር፣ መጨረሻ ቸርኬ።

ከዚያ የፌስታሉን ነገር ሞከርኩ። እጅህን ቀጭን ፌስታል ውስጥ ትከትና የታጠበውን ቀለም በስሱ ትዳብሳለህ። በባዶ እጅ ለስላሳ የመሰለው ሁሉ በፌስታል ሲነካ ጤፍ የተበተነበት ምጣድ ነው የሚሆነው። ውሃና ሻምፖ የማያነሳው ነገር ነው፣ የዛፍ ሙጫ፣ የአስፋልት ጠብታ፣ ማታ ማታ ከሐይቁ የሚነሱት ትንኞች ቅሪት። ይህን የሚያነሳ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ነገር አለ፣ ክሌይ ይሉታል፣ ቀለሙን በሻምፖ ውሃ እያረጠብክ በስሱ ታንሸራትተዋለህ። እኔ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ወዳጄ ነው ያስመጣሁት። ኮፈኑን ብቻ ለማዳረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ሊጡ መጨረሻ ላይ ምን እንደመሰለ ባልናገር ይሻላል፣ ቁርስ የምትበሉ ትኖራላችሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን በዓይኔ ለማየት ብዬ ኮፈኑን መሃል ለመሃል በቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር የከፈልኩት። ቀኝ ሰም፣ ግራ ባዶ። ጠርሙሱን በደንብ አነቃነቅሁ። ቀኙ ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ ጫን ጫን፣ ወዲያው በአንድ ማይክሮፋይበር ጨርቅ አዳረስኩ፣ ሳይደርቅ በሌላ ደረቅ ማይክሮፋይበር ወለወልኩ። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ሥራው ይኸው ነው። ያ ሁሉ መከራ የእኔ እንጂ የሰሙ አልነበረም።

ፕላስተሩን ስልጥ ልዩነቱ ከሩቅ አይታይም። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። ቀኙ ወዙ ጠለቅ ያለ ነው፣ ጎንበስ ብለህ የዋርካውን ጥላ ብታይበት ቅጠሉ ይለያል፣ ግራው ላይ ቅጠሉ ይደባለቃል። ከዚያ ውጭ ምንም። ትልቁ ልዩነት በእጅ ነው። ጨርቁን ግራው ላይ ስትጎትተው ይይዛል፣ ቀኙ ላይ ያመልጥሃል።

ውሃ ሲነካው ግን ሁለት የተለያየ መኪና ሆነ። ጊዜው ሰኔ መግቢያ ስለነበር ዝናቡን አልጠበቅሁትም፣ ራሱ መጣ። ግራው ላይ ውሃው ተዘርግቶ ተኛ። ቀኙ ላይ የኮባ ቅጠል ላይ እንዳረፈ ጠብታ ድቡልቡል እያለ ቆመ፣ መኪናዋን ስነዳት እየተንከባለለ ወረደ። እማማን ጠርቼ አሳየኋቸው። አጎንብሰው አዩት፣ በጣታቸው አንዷን ጠብታ ገፋ አደረጓት። «ውሃ ነው ያልኩት ይቅር» አሉ።

የወፉ ፈተና በሁለተኛው ሳምንት መጣ። አባ ኮዳው አድልዎ አያውቅም፣ ሁለቱም ወገን ላይ ደርሷል። ጠዋት ሳየው ደርቋል። እርጥብ ጨርቅ ለአምስት ደቂቃ ደርቤበት አነሳሁት። ቀኙ በአንድ ጊዜ ለቀቀ። ግራው ሦስት ጊዜ ማርጠብ ፈለገ፣ ፈዘዝ ያለ ምልክትም ትቶ ሄደ። ግን አትሳሳቱ፣ ሰም ጋሻ አይደለም። አሲዱ ሰሙን በልቶ ወደ ክሊሩ እስኪደርስ ጊዜ ይሰጥሃል፣ ያም ሰዓታት እንጂ ሳምንታት አይደለም። ኩስን ባየኸው ሰዓት ማንሳት ነው፣ በደረቅ ጨርቅ መፈተግ ደግሞ የለም፣ ውስጡ አሸዋ አለበት።

ወደ ዘጌ መንገድ ሄጄ የመጣሁ ቀን አቧራው ሁለቱንም እኩል አለበሳቸው። ሰም የቀባ አቧራ አይነካውም የሚለውን ወሬ አትመኑ። ሲታጠብ ግን ቀኙ በውሃ ብቻ ይወርዳል፣ ግራው ስፖንጅ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ እንኳን ስፖንጅ ቀነሰልህ ማለት ያን ያህል ጭረት ቀነሰልህ ማለት ነው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሥራ በዝቶብኝ መኪናዋን ላቫጆ ወሰድኳት። እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ እጃቸው ፈጣን ነው፣ ግን ባልዲው ውስጥ ያለው አረፋ የልብስ ዱቄት ሳሙና ነው፣ ጨርቁም ከእኔ በፊት የገባውን ሲኖትራክ ጎማ ያየ ነው። የልብስ ሳሙና ዘይትና ቅባት ለማስለቀቅ የተሠራ ስለሆነ ሰሙንም ይዞት ይሄዳል። «ጋሼ፣ ጎማውን በናፍጣ እናብለጭልጭልዎት?» አለኝ አንዱ። ናፍጣ ጎማ ይበላል፣ አይሆንም አልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ቀኙ ላይ ያለው ጠብታ ድቡልቡልነቱ ቀነሰ። አራተኛው ሳምንት ላይ ገና ይታይ ነበር፣ በአምስተኛው ሳምንት ቀኝና ግራ አንድ ሆኑ። በሻምፖ ብቻ ባጥባት ኖሮ ትንሽ ይገፋ ነበር ብዬ አስባለሁ። አሁን ላቫጆ ስሄድ የራሴን ሻምፖና ስፖንጅ ይዤ ነው። መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ አሁን ለምደውኛል፣ አንዱ ልጅ እንዲያውም ሻምፖውን ከየት እንደገዛሁት ጠይቆኛል።

ሒሳቡን ላውራ። ለሙሉ መኪና 40 ሚሊ ቢፈጅ አንድ ጠርሙስ ከ11 ጊዜ በላይ ይሄዳል። በ12 ብናካፍለው አንዱ ቅብ 133 ብር አካባቢ ይመጣል፣ በወር አንዴ። ጨርቆቹን ግን አትርሱ፣ ሁለት ደህና ማይክሮፋይበር ከሌለህ ሰሙን ባትገዛው ይሻላል። ጨርቁንም ስታጥበው የልብስ ማለስለሻ አትጨምርበት፣ ቃጫውን ይደፍነዋል። ሴራሚክ የሚባለው የሚረጭ ዓይነት ለወራት ይቆያል፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው፤ እኔ እጄን ያፍታታሁት በርካሹ ስለሆነ አልቆጨኝም።

ማን አይግዛው? አዲስ ቀለም ያስቀባ ሰው ለጊዜው አይቸኩል። አዲስ ቀለም ውስጡ የቀረውን ማቅጠኛ አትንኖ እስኪጠነክር ከ30 እስከ 90 ቀን ጠብቁ ይባላል፣ የቀባላችሁን ሰው ጠይቁት። ቀለሙ የነጣና ዱቄት ዱቄት የሚል መኪና ያለውም ሰው ተስፋ አያድርግ። ጓደኛዬ የድሮ ኮሮላ አለው፣ ዲኤክስ፣ ቀይ። ሰሙን አንድ በር ላይ ሞከርንለት፣ ጨርቁ ቀይ ሆኖ መጣ። ደነገጠ። ቀለሙ ከላይ ክሊር የሌለው ዓይነት ነው ማለት ነው፣ የለቀቀው በፀሐይ የሞተው ቀለም ነው። እሱ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እውነተኛው ፖሊሽ ነው፣ የሚፍቀው፣ ሰሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የእኔም ያቺ ሻካራ ክብ እስካሁን አለች። ሰሙ ከላይዋ አለፈ እንጂ አልነካትም።

ጠርሙሱ ከግማሽ በታች ወርዷል። አሁን ኮፈኑን በሙሉ፣ ግራውንም ቀኙንም፣ በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት እቀባለሁ። እማማ ደግሞ ለብረት በራቸው ትንሽ እንድሰጣቸው ጠይቀውኛል፣ ክረምቱ ዝገት እንዳያወጣበት። እሱን ይከላከል እንደሆን አልሞከርኩትም። በፕላስተር መሃል ለመሃል ከፍለን እናያለን ብያቸዋለሁ።